በሩን የያዘው ትከሻ

የኛን ከተማ የመሠረቷት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። በመጀመሪያ አንዱ አንዱን ገደለው፤ ከዚያ ከተማዋ ተመሠረተች። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ ለልጆቻችን ስንነግር እናገላብጠዋለንና።

መንትዮች ነበሩ ይባላል፤ አንድ ጡት ጠብተው፣ አንድ ቁርበት ላይ ተኝተው ያደጉ። ከተማዋ በየትኛው ኮረብታ ላይ ትቁም፣ በማንስ ስም ትጠራ በሚለው ተጣሉ። "ሰማይ ይፍረደን" ተባባሉና እያንዳንዳቸው አንዳንድ ኮረብታ ላይ ወጥተው አሞራ መቁጠር ጀመሩ። አንዱ ስድስት አሞራ ቀድሞ አየ። ሌላው ዘግይቶ አሥራ ሁለት አየ። አንዱ "ቀድሜያለሁ" አለ፤ ሌላው "በልጫለሁ" አለ። ሰማይ ፈርዷል፤ ለማን እንደፈረደ ግን አልተናገረም። አሥራ ሁለት ያየው በሬና ላም ጠምዶ የከተማዋን ወሰን በትልም አሰመረ። ስድስት ያየው ቀናና "ጠላት የምትመልሰው በዚች ነው?" ብሎ ትልሟን በአንድ እርምጃ ዘለላት። ወንድሙ በዶማ መታውና እዚያው ትልሙ ውስጥ ቀበረው። ዋናው በራችን ዛሬም የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ሰው መጣ። ደም ያለበት፣ ከጌታው የኮበለለ፣ ሚስቱ ያባረረችው፣ አገሩ የጠላው ሁሉ መጣ። ትልሙ በተሰመረበት ዕለት የነበሩት "የዕለቱ ልጆች" ተባሉ፤ በማግስቱ የደረሱት ደግሞ "የማግስት ልጆች"። ልዩነታቸው የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ያውም የማግስት ልጆች አባቶች የዘገዩት የዕለቱን ልጆች አባቶች ስንቅ ተሸክመው ስለነበር ነው የሚሉ አሉ። ቢሆንም ሰባቱን ኮረብታዎች የዕለቱ ልጆች ያዙ፤ የማግስት ልጆች ከሥር፣ ወንዙ ዳር ያለው ጨፌ ላይ ሰፈሩ። ሸንጎ የሚቀመጡት ሦስት መቶ ሽማግሌዎች ከዕለቱ ልጆች ብቻ ይመረጣሉ፤ "አባቶች" ይባላሉ። የማን አባቶች እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

እኔ ደባልቄ የዕለቱ ልጅ ነኝ፤ ግን ከዝቅተኛው ኮረብታ። ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ቀና ስል ስድስት ኮረብታ ይታየኛል። ይህን የምነግራችሁ ዓይኔ ከልጅነቱ ጀምሮ ምን ሲያይ እንደኖረ እንድታውቁልኝ ነው።

ሰባት ነገሥታት ገዙን። የመጨረሻው ክፉ ነበር፤ በፊቱ ያለፈ ሰው ጥላው የንጉሡን ጥላ ከነካ ይገረፍ ነበር። አንድ ቀን ለአደን ሲወጣ በሩን ዘጋንበት። "ዘጋንበት" ስል ነገሩን ላጥራው። የዘጋነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና አብሮ አደጌ ጓንጉል። ንጉሡ ከነፈረሰኞቹ ተመልሶ በሩን ሲያስገፋ መወርወሪያው ተሰበረ፤ እኔ በመወርወሪያው ፈንታ በሩን በትከሻዬ ደገፍኩት። ጓንጉል ቅጥሩ ላይ ወጥቶ ተናገረ። አይ አነጋገር! ሰው ከየቤቱ እየወጣ ድንጋይ አነሳ፤ ፈረሰኞቹ ሸሹ፤ ንጉሡም ተከተላቸው። በዚያ መሃል የግራ ትከሻዬ ከቦታው ወጣ፤ ተመልሶም በወጉ አልገጠመም። እስከ ዛሬ ወደ አንድ ጎን አዘንብዬ የምሄደው ለዚህ ነው። የጓንጉልን ንግግር ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ይሉታል። ስለ ትከሻ ግን የተዘፈነ ነገር አልሰማሁም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ንጉሡ ከሄደ በኋላ ሁሉም አባራሪ ሆነ። አደባባይ ወጥተን "ከእንግዲህ ከመካከላችን ማንም ከማንም እንዳይበልጥ" ብለን ማልን። ለነፃነት የማልን መስሎን ነበር። እኔ እንኳ ስምል ጓንጉልን በጎን እያየሁ ነበር።

ከመሐላው ሕግ ወጣ። በአንድ ንጉሥ ፈንታ ሁለት ሹሞች ተተኩ፤ ዘመናቸው አንድ ዓመት ብቻ። አንዱ ያዘዘውን ሌላው "አይሆንም" ካለ ይቆማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። በሹሙ ፊት አሥራ ሁለት ባለበትሮች ይሄዳሉ። እያንዳንዳቸው በረጅም ጠፍር የታሰረ የበትር ነዶ ይሸከማሉ፤ በነዶው መካከል መጥረቢያ አለ። አንዱን ወር በአንዱ ሹም ፊት፣ ቀጣዩን ወር በሌላው ፊት ይሄዳሉ፤ ተራው ያልሆነው ሹም ያን ወር ምግብ አይረጋለትም። ባለበትሮቹ "አይሆንም" የሚለውን ቃል ከሰሙ በእጃቸው ያለውን ሁሉ ወዲያው መልቀቅ አለባቸው። ለዚህም በየሳምንቱ ይለማመዳሉ፤ እንስራ ያነሳሉ፣ "አይሆንም" ይባላል፣ ይለቃሉ። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ሥራ ፈትታ አታውቅም።

የቁመት ሹም የሚባልም ነበር። ረጅም ዘንግ ይዞ በየሰፈሩ እየዞረ ጣሪያ ይለካል፤ ከዘንጉ የበለጠ ጣሪያ ይፈርሳል። ጣሪያ ሲያልቅበት የሠርግ ዳስ መለካት ጀመረ፤ ከዚያ የሴቶች ሹሩባ፤ ከዚያ የሰው ሳቅ ስንት ቤት ድረስ እንደሚሰማ። ሰውም ራሱ እየሄደ "ና፣ የጎረቤቴን ለካልኝ" ይለው ነበር። "የእኔን ለካ" ያለው ሰው አላውቅም።

ሦስተኛው ሹመት የእኔ ነው። ከነዚያ ወንድማማቾች ወዲህ በሰማይ አሞራ ያመነ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ቁጥር ያያላ። ስለዚህ የማትበር፣ ሁሉም እኩል የሚያያት ወፍ ተመረጠች፤ ዶሮ። ከተማዋ ጦር ልትልክ ወይም ድልድይ ልትሠራ ስታስብ በአባቶች ፊት ለስድስት ዶሮዎች ጥሬ ይበተናል። ተሻምተው ከበሉ ሰማይ ፈቅዷል፤ እምቢ ካሉ ሰማይ ከልክሏል፤ ዘጠኝ ቀን ተጠብቆ እንደገና ይጠየቃሉ። ዶሮዎቹን የሚጠብቀው ሊቀ ዶሮ ይባላል። ከቤት ውጭ ሳለ የዶሮ ቅርጫቱን መሬት ማስነካት አይችልም፤ መሬት የነካ ዶሮ የሰማይን ነገር ይረሳል ተብሎ። ሊቀ ዶሮነት ለትከሻዬ የተሰጠኝ ካሳ ነው። ጓንጉል የከተማዋ የመጀመሪያ ሹም ሲሆን እኔ በሁለት እጄ ቅርጫት ታቅፌ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ከጓንጉል ጋር የተሾመው ስንሻው ይባላል፤ የሁለተኛው ኮረብታ ሰው ነው፤ ፊቱ ሁልጊዜ ይስቃል። ንጉሡ የተባረረ ቀን ሆዱን አሞት ተኝቶ ነበር። ይህን ማንም አንስቶበት አያውቅም፤ እሱ ግን ሁሉም የሚያነሳበት ይመስለው ነበር።

ጓንጉል ቤቱ ከፍተኛው ኮረብታ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከአባቱ የወረሰው የጭቃ ቤት ነው። በተሾመ በወሩ ማጉረምረም ተጀመረ። "ጠዋት ሲነሳ ቁልቁል ያየናል" አሉ። "እሱስ ይሁን፣ ዶሮው እንኳ ከኛ ዶሮ በላይ ነው የሚጮኸው።" የቁመት ሹሙ ዘንጉን ይዞ ወጣ። ቤቱን ሦስት ጊዜ ለካው፤ ጣሪያው ከዘንጉ አጠረ።

"ቤቱ ሕጋዊ ነው" አለ የቁመት ሹሙ፣ ግንባሩን እየጠረገ። "ኮረብታው ግን ከዘንጌ ይበልጣል።"

"ኮረብታውን እኔ ሠራሁት እንዴ?" አለው ጓንጉል።

"ማንም ይሥራው ጌታዬ። የሚኖሩበት እርስዎ ነዎት።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጓንጉልና ሚስቱ ዘርትሁን ቤታቸውን ማፍረስ ጀመሩ። ሰው ሥራውን ትቶ ከሥር ቆሞ ያይ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ አልነበረም፤ ዘርትሁን መዝጊያውን በጀርባዋ አዝላ ቁልቁል ወረደች። ጓንጉል በቀጥታ አደባባይ መጣና ባለበትሮቹን "ነዶውን በሕዝቡ ፊት ዝቅ አድርጉ" አላቸው። አሥራ ሁለቱ ነዶ መሬት ነካ። "ከፍ ያለው እናንተ ናችሁ" አለን። ትልልቅ ሰዎች ተንሰቀሰቁ። እኔም አለቀስኩ።

ስንሻው ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። እየሳቀ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና "አየኸው? ጎንበስ ብሎ አለፈን" አለኝ።

ልክ ነበር። ቤቱ ኮረብታ ላይ ሳለ ግማሹ ሰው ይወደው ነበር፤ ካፈረሰው በኋላ ሁሉም ወደደው። የቁመት ሹሙ እንኳ ለአባቶች "ትሕትናው ከልክ በላይ ነው፤ ዘንጌ አይደርስበትም" የሚል አቤቱታ አቀረበ። አባቶች ተወያዩበትና ውሳኔ አጡለት።

ጓንጉል አዲሱን ቤቱን የሠራው ጨፌው ላይ፣ ከማግስት ልጆች መሃል ነው። ከዚያ የበለጠ ዝቅ የሚባልበት ቦታ የለም፤ ከዚያ ወዲያ ወንዝ ነው። እዚያ በኖረ በሦስተኛው ወር ጎረቤቱ እማማ ተዋቡ እጁን ይዘው ወንዙ ዳር ወዳለው ትልቅ ሾላ ወሰዱት። እማማ ተዋቡ ዕድሜያቸውን የማያውቁ የማግስት አሮጊት ናቸው። በሾላው ግንድ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ያለ ጠባሳ አሳዩት።

"እናቴ እኔን በመቀነቷ ያሰረችበት ነው፣ ልጄ" አሉት። "ውሃው እስከዚህ መጥቶ ነበር። ዘንድሮ እንቁራሪቶቹ ከወንዙ እየራቁ ነው። ይህ ወንዝ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።"

ጓንጉል ክረምት ሳይገባ ከወንዙ ዳር የድንጋይና የአፈር ክትር ይሠራ ብሎ ሸንጎ ፊት ቀረበ። ጨፌው ላይ ሦስት መቶ ጎጆ፣ በየጎጆው ልጅ አለ። ከየኮረብታው ሰው ለሃያ ቀን ድንጋይ ቢያቀብል በቂ ነው አለ። አባቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ መቃወም አፈሩ። "ዶሮዎቹ ይጠየቁ" ተባለ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ስንሻው ቤቴ መጣ። ሹም ቤቴ ገብቶ አያውቅም ነበር።

"ሊቀ ዶሮ፣ ዶሮዎችህ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው ጌታዬ። ነገ ስለሚጠየቁ ዛሬ አልተቀለቡም።"

"ምስኪኖች! ትንሽ ገብስ ብታቀምሳቸው ምን አለበት?"

"ከጠገቡማ አይበሉም።"

"እሱስ አይበሉም" አለና ሳቀ። "ይህ ክትር ቢሠራ በማን ስም የሚጠራ ይመስልሃል?"

"አላውቅም ጌታዬ።"

"ታውቃለህ።"

"ካልፈለጉት 'አይሆንም' ይበሉዋ። ቃሉ በእጅዎ ነው።"

"እኔ ካልኩማ ሕዝቡ ይጠላኛል" አለ። "ዶሮን የሚጠላ ግን የለም።"

እምቢ አልኩት። እውነቴን ነው፤ እምቢ ብዬ መለስኩት። የሹመቴ ክብር ነበረብኝ፤ ጓንጉልም አብሮ አደጌ ነው። ያን ምሽት በራሴ ኮርቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቅርጫቴን ታቅፌ በአደባባዩ ሳልፍ ጓንጉል አየኝ። ባለበትሮቹን አስቁሞ ወደ እኔ መጣና ጠማማው ትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ።

"እናንተ ሰዎች!" አለ በዚያ ድምፁ። "በሩን የያዘው ይህ ሰው ነው። እኔ አፌን ነው ያንቀሳቀስኩት። ደባልቄ ባይኖር ዛሬ ሁላችሁም የንጉሥ ነበራችሁ!"

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ጠብቄዋለሁ! ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሴቶች እልል አሉ። ቀና ብዬ አየሁ። የሚያዩት እሱን ነው። "ጓንጉል! ጓንጉል! እንዴት ያለ ትሑት ነው!" ይላሉ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ "ይህን ጠማማ ሰውዬ እንኳ አልናቀውም እኮ" ስትል ሰማኋት። እኔን ባመሰገነ ጊዜ እንኳ የተመሰገነው እሱ ነው። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቤቴ ተመለስኩና የገብሱን ቁና አወጣሁ።

እኩለ ቀን ላይ በአባቶች ፊት ጥሬው ተበተነ። ዶሮዎቹ ጥሬውን ረግጠው ቆሙ። አንዷ አንገቷን ክንፏ ሥር ከታ አንቀላፋች። "ሰማይ ከልክሏል" አሉ አባቶች፣ ደስ እያላቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ በእኛ ከተማ ግን ሰውን የጣለችው ዶሮ ናት። ጓንጉል ወደ እኔ አየና "አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም" አለኝ።

ዘጠኝ ቀን መጠበቅ ነበረብን። በስድስተኛው ቀን እግሬ ወደ ጨፌው ወሰደኝ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። እማማ ተዋቡ ማድጋቸውንና ቁርበታቸውን ሾላው ላይ እየሰቀሉ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ወደ ጎጆአቸው ገቡና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ እፍኝ ማሽላ ይዘው ወጡ።

"ልጄ፣ ለዶሮዎቹ ነው" አሉኝ። "ምናልባት ያንተ ገብስ አልጣማቸው ይሆናል። ቤቴ ያለው ይህ ነው፤ ንገራቸው።"

ማሽላውን ተቀበልኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለዶሮዎቹ ውሃ እንጂ ሌላ ነገር አላቀመስኳቸውም። በዘጠነኛው ቀን የእማማ ተዋቡን ማሽላ በአባቶች ፊት ስበትነው እንደ ጅብ ተሻሙ፤ ከአፋቸው የወደቀውን እንኳ መልሰው ለቀሙ። ጓንጉል ድንጋይ ሊያስነሳ ወደ በሩ ሮጠ። እፎይ አልኩ፤ ጥፋቴን የካስኩት መሰለኝ።

ስንሻው ብድግ አለ። "አባቶቼ" አለ። "እኔ 'አይሆንም' አላልኩም፤ ጥያቄ ብቻ አለኝ። እነዚሁ ዶሮዎች ባለፈው እምቢ ብለዋል፤ ዛሬ እሺ ብለዋል። የትኛው ነው የሰማይ ቃል?"

ይህ በከተማችን ታሪክ ተጠይቆ አያውቅም ነበር። አባቶች ተቀመጡ። አንደኛው ሽማግሌ "እምቢታው በዘጠኝ ቀን ይበልጠዋል፤ ታላቅ ይከበራል" አሉ። ሌላው "እሺታው የቅርብ ነው፤ የቅርብ ምስክር ይሻላል" አሉ። ሦስተኛው ዶሮዎቹ አንድ ዓይነት ዶሮዎች መሆናቸው ይጣራ አሉ፤ የቁመት ሹሙ ተጠርቶ ስድስቱንም ለካ። ውይይቱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ክትሩም እስኪወሰን ቆመ። ሁለቱንም ቀን ከሩቁ ተራራ ላይ ጥቁር ደመና ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንዙ መጣ።

ቁልቁል ስሮጥ ጨፌው ጠፍቶ ነበር። ጎጆዎቹ ጣሪያቸው ብቻ ይታያል፤ በየጣሪያው ላይ ሰው አለ። እኔ ቅርጫቴን ታቅፌያለሁ፤ በአደጋ ቀን ዶሮዎቹ ከሊቀ ዶሮው እንዳይለዩ ሕግ ነው። ወሩ የጓንጉል ነበር። ባለበትሮቹን "ነዶውን ፍቱ!" አላቸው። ተያዩ፤ የከተማዋ ነዶ ተፈትቶ አያውቅም። "ፍቱ አልኳችሁ!" አለ። ፈቱት። በትሩና መጥረቢያው ጭቃው ላይ ተበተነ። አሥራ ሁለቱን ጠፍር ጫፍ ለጫፍ ቋጠሩት፤ ረጅም ገመድ ሆነ። ዘርትሁን አንዱን ጫፍ ባሏ ወገብ ላይ አሰረችለት። ሌላውን ጫፍ አሥራ ሁለቱ ባለበትሮች ያዙ።

አሥራ አራት ጊዜ ገብቶ አሥራ አራት ጊዜ ወጣ። በእያንዳንዱ ጊዜ ልጅ ወይም እናት ይዞ ነው። ከኮረብታ የወረዱት የዕለቱ ልጆች፣ ውሃ ዳር የቆሙት የማግስት ልጆች፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ ስሙን ይጠሩ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ሾላው ላይ ወደተንጠለጠሉት ወደ እማማ ተዋቡ ሄደ።

ያን ጊዜ ስንሻው ከአባቶች ጋር ደረሰ። ሲደርስ ያየው ውሃውን አይደለም። ያየው ጭቃ ላይ የተበተነውን የከተማዋን በትር ነው፤ ነገ የእሱ ወር ሊገባ ነው። የሰማውም የጓንጉልን ስም ነው።

"አይሆንም!" አለ።

አሥራ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ከፈቱ። አንዳቸውም አላመነቱም፤ በየሳምንቱ ተለማምደውታል። ጠፍሩ እንደ እባብ ጭቃው ላይ እየተሳበ ወደ ውሃው ሄደ። እኔ በቆምኩበት በኩል አለፈ፤ የመጨረሻው ቋጠሮ እግሬን መታኝ። ጎንበስ ብዬ ልይዘው እችል ነበር። ትከሻዬ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል፤ ከዚያ የከበደ ይዟል። እጄ ግን ዶሮ ታቅፎ ነበር፤ ቅርጫቱ ደግሞ መሬት አይነካም። ለአባቶች የተናገርኩት ይህንን ነው፤ ተቀብለውኛል። ለእናንተ ግን አልዋሽም። እጄን ያሰረው ሕጉ ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ ስሙን ሲጠራ እኔም እንደ ስንሻው ሰምቻለሁ።

"በትሩ አይፈታም ማለቴ እኮ ነው!" ይል ነበር ስንሻው፣ በየሰዉ ፊት እየዞረ። "ገመዱን ልቀቁ አላልኩም! በትሩን ነው ያልኩት!" ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ አይስቅም ነበር። እማማ ተዋቡ ውሃው ሲጎድል ከሾላው በሕይወት ወረዱ። ጓንጉልን ከከተማው በታች የግማሽ ቀን መንገድ ላይ አገኘነው፤ ጠፍሩ እንደታሰረ ነበር።

እንደዚያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ሰባቱ ኮረብታና ጨፌው አንድ ላይ ወጡ። ሴቶች ፀጉራቸውን ላጩ፤ "ዓመት ሙሉ እናለቅስለታለን" ብለው ማሉ። ሸክላ ሠሪዋም፣ ባለበትሮቹም፣ ያቺ "ጠማማ ሰውዬ" ያለችኝ ሴትም ደረት ይመቱ ነበር። እኔና ስንሻው ጎን ለጎን ቆመናል። ስንሻው ዝቅ ባለ ድምፅ "ስንት ሰው ይሆናል?" አለኝ። እኔም ለካ ስቆጥር ነበርና ወዲያው ነገርኩት። ኀጢአቴን ልናገር፦ ያን አስከሬን ቀናሁበት። እኔ ብሞት ከዚህ ሕዝብ ስንቱ ይወጣል አልኩ።

አባቶችም ሳይጨነቁ አልቀሩም። መሐላችን "ማንም ከማንም እንዳይበልጥ" ነው፤ ይህ ሰው ሞቶም በለጠን። እስከዚያ ቀን ሕጋችን በቃል ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ አደባባይ ቆመ። ለአንድ ሟች ከዘጠኝ ቀን በላይ አይለቀስም፤ ሴት ፊቷን አትቧጭር፤ መቃብር ከጉልበት አይበልጥ፤ ይላል። ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ የተጻፈው ኋላ ነው። ክትሩም በዓመቱ ተሠራ፤ ዶሮዎቹ በልተዋል። የሙት ስም ለሥራ እንዳይሰጥ ሰሌዳው ስለከለከለ "የስንሻው ክትር" ይባላል።

ከተማችን ከዚያ ወዲህ አድጋለች። የጎረቤቶቻችን ተራራ ከኛ ኮረብታ ይበልጥ ነበርና አንድ በአንድ ወሰድናቸው። አሁን ከየትም ቆመው ቢያዩ ከኛ በላይ የሚታይ የለም፤ ስለዚህ እርስ በርሳችን እንተያያለን።

አንድ ነገር ቀረኝ። በአሥረኛው ቀን፣ ለቅሶ በሕግ በተቋረጠበት ማለዳ፣ ዘርትሁን ቤቴ መጣች። ፀጉሯ ተላጭቷል፤ ዓይኗ ደርቋል። መደቡ ላይ ተቀመጠች።

"አያ ደባልቄ" አለችኝ። "ማልቀስ ተከልክያለሁ፤ ላወራህ መጣሁ። እሱ ሊነግርህ ያፍር ነበር፤ እኔ ልንገርህ። ጓንጉል ይቀናብህ ነበር።"

"ማን? በማን?"

"ባንተ ነዋ። 'ዘርትሁን፣ እኔ የተናገርኩትን ነፋስ ወስዶታል፤ ደባልቄ ግን በሩን ያዘ' ይለኝ ነበር። 'ሲሄድ ባየሁት ቁጥር ትከሻው ይመሰክርለታል። እኔ ገላዬ ላይ ምን ምልክት አለ?' ይላል። ቤታችንን ያፈረሰ ዕለት እንኳ ድንጋይ ሲሸከም 'ምነው ትከሻዬ በተሰበረ' አለ። ያን ቀን ወንዙ ዳር ጠፍሩን ሳስርለት ምን አለኝ መሰለህ? 'ዛሬስ እንደ ደባልቄ ልሆን ነው' አለኝ፤ እየሳቀ።"

ስለ ገብሱ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ስለ ቋጠሮው፣ እግሬን ስለመታኝ ቋጠሮ ልነግራት ይገባኝ ነበር። መሬት ላይ ወድቄ በሰሌዳው ላይ የተከለከለውን ሁሉ ማድረግ ነበረብኝ። ዶሮዎቹ ጓዳ ሆነው ይንጫጫሉ። እሷ መልሴን ትጠብቃለች።

መቀመጫዬን ወደ እሷ ሳብ አደረግኩና "እስኪ ድገሚልኝ" አልኳት።